ካፌ አልጠብቅም

የካቲት 9፣ እሁድ

ከቅዳሴ ስመለስ የልጄ የቤዛዊት የሰርግ ጥሪ ስልኬ ላይ ገብቶ አገኘሁት። ድሮ ካርድ ነበር፣ አሁን ሊንክ ሆኗል። ስጫነው ተራራ ወጣ። ከተራራው ሥር አንድ ፍሬ መንደር፣ ከመንደሩ አጠገብ ሐይቅ። ኪንላሪ ይባላል፤ ስኮትላንድ ውስጥ ነው፤ የሙሽራው አገር። ሰርጉ ግንቦት 23 ቅዳሜ ነው። ጾም ላይ ይወድቅ እንደሆን ቆጥሬ አየሁት፣ አይወድቅም። በአጋጣሚ ይሆናል።

ዝቅ ሲል ለእንግዶች የተዘጋጀ ዝርዝር አለ። ሐሙስ ታንኳ መቅዘፍ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ፈረስ መጋለብ፣ ብስክሌት። ዓርብ፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ ሁለቱ ቤተሰብ አብሮ ኮረብታ ይወጣል። የቤታቸው ልማድ ነው ይላል፤ እዚያ ኮረብታ ጫፍ ላይ አብረው ያልቆሙ ቤተሰቦች አልተጋቡም። ከእያንዳንዱ ነገር ጎን ማን እንደሚሄድ ስም ተጽፏል። የኔን ፈለግሁ። ኮረብታው ላይ የለሁም። ታንኳውም ላይ የለሁም። መጨረሻ ላይ አገኘሁት። «ስመኝ፦ በመኪና እስከ ካፌ፣ ከአረጋውያን ጋር።»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ውስጥ ሰው በዊልቸር የምገፋ ሴት ነኝ። አረጋውያንን የምገፋው እኔ ነኝ እንጂ!

ለነገሩ ምን አገባኝ። እሄዳለሁ መቼ አልኩ?

የካቲት 11

ብሬክ ላይ። አሥር ደቂቃ አለኝ።

ቤዛ ደወለች። ከጥቅምት ወዲህ ስትደውል ሦስተኛዋ ነው።

«ማሚ፣ ሊንኩን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ትመጫለሽ?»

«ፈቃድ ከሰጡኝ።»

ስልኩን ከአፏ አርቃ ለልጁ፣ ለካለም፣ ስትመልስለት ሰማሁ። «ኖ፣ ማይ ማም ካንት ዱ ኢት። ሺል ዌይት ኢን ዘ ካፌ።» አትችልም፣ ካፌ ትጠብቃለች ማለቷ ነው። ድምፅዋ ክፋት አልነበረውም። እሱ ነው ያናደደኝ።

እንደዘጋሁ ሊንኩን ከፍቼ ስሜን ከካፌው ሰርዤ ኮረብታው ላይ ጻፍኩት። ጌት 7 ላይ አንዲት ሴትዮ እየጠበቁኝ ነው።

የካቲት 12

ዙለይሃ አስደነገጠችኝ። ዙለይሃ የጅማ ልጅ ናት፤ አብራኝ ዊልቸር ትገፋለች፣ ሪችፊልድ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ደግሞ ከኔ በላይ ነው የምትኖረው። ቤዛን ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ታውቃታለች። የኮረብታውን ስም ስልኳ ላይ ፈልጋ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«ስመኝ፣ ይሄ ዘጠኝ መቶ አርባ ሜትር ነው። ከታች ጀምረሽ።»

«ኮረብታ ነው የሚለው።»

«እነሱ ተራራን ኮረብታ ነው የሚሉት። ሲያቆላምጡት ነው።»

አሁን ስሜን ብሰርዝ ቤዛ ታያለች። አልሰርዝም። ግን የት ነው የምለማመደው? ይሄ አገር ሳህን ነው፤ ከሪችፊልድ ኢገን ድረስ ብትነጂ አንድ ዳገት አታገኚም። ዙለይሃ አሰበች አሰበችና የሠራተኛውን ፓርኪንግ አሳየችኝ። ስምንት ፎቅ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት ደረጃ። ሃያ አራት ሜትር ገደማ ይሆናል ብላ ስታካፍለው አርባ ጊዜ ወጣ።

«አርባ ጊዜ በአንድ ቀን ከወጣሽ ኮረብታውን ወጣሽ ማለት ነው» አለችኝ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ስድስተኛ ፎቅ ስደርስ የሰው መኪና ተደግፌ አላርሙን አስጮህኩት።

የካቲት 25

አምስት ጊዜ። እኔ ሁዳዴ፣ ዙለይሃ ረመዳን። ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን፣ ከሽፍት በፊት ማለዳ፣ ኮት ደርበን። እሷ ቀድማ ትወጣና ከላይ «ኮቱ፣ ኮቱ!» ትለኛለች፤ በኦሮምኛ ነይ ማለቷ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ።

«እንቁላሉ ሃምሳ ስምንት ዓመት አልሞላውም» አልኳት።

መውረዱን በሊፍት ላድርገው ብል «ስኮትላንድ ላይ ሊፍት አለ?» አለች። በእግራችን ወረድን።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የምሥራች ያዘችኝ። እዚህ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ መጥፎ ሰው አይደለችም፣ ጆሮዋ ነው ሰፊ። ሰው በተሰበሰበበት «ስመኝዬ፣ የልጅሽ ሰርግ ልትሄጂ ነው አሉ። ኋላ ሽማግሌ ላኩ እንዴ?» አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ጫማቸውን አዩ።

ማን ነገራት? እኔ ነኛ። በጥቅምት ተናድጄ በየደረስኩበት ያወራሁት እኔ ነኝ።

ቤዛ ያኔ «ማሚ፣ ካለም ቀለበት አሰረልኝ» ብላ ስትደውል እየሳቀች ነበር። «ሽማግሌዎቹ መቼ መጡ?» አልኳት። «ማሚ፣ እነሱ ጋ እንደዚህ የሚባል ነገር የለም፣ አያውቁትም» አለችኝ። እኔም «ሽማግሌ ያልላከ ሰው አማቼ አይባልም። አባትሽ ሞቶ ቤቱ ሰው የሌለበት መሰላችሁ?» ብዬ ዘጋሁባት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

በሪሁን ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ቢኖር ኖሮ ሽማግሌዎቹ መጥተው በሩ ላይ ይቆሙ ነበር፤ እሱም ኮቱን ለብሶ፣ ኮስተር ብሎ፣ የት እንዳደጉ የማያውቅ መስሎ ይጠይቃቸው ነበር። ያንን ቀን ስንቴ አውርቶልኛል። «ቶሎ አልሰጣቸውም፣ ሦስቴ አመላልሳቸዋለሁ» ይል ነበር፤ ልጅቷ ገና ሁለተኛ ክፍል ሆና።

አሁን ቢመጡስ ማንን ይለምናሉ? እኔን? እኔ ማን ነኝ?

ለየምሥራች «ኮረብታ ልወጣ ነው የምሄደው» ብያት መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ግራ ገብቷት ቀረች።

መጋቢት 15

አሥራ ሁለት ጊዜ! በረዶ ስለነበር ደረጃው አንሸራቶኝ አንዱን በቂጤ ወረድኩት። እሱም ይቆጠር።

መጋቢት 27

የዛሬውን እብደት ልመዝግብ።

ብሬክ ሩም ስገባ ዙለይሃ ጀርባዋን ሰጥታኝ በስልክ ታወራለች። «ሦስት ሽማግሌ ይበቃል» አለች። «አዎ፣ ቆመው ነው። ሲት ቢባሉም እንዳይቀመጡ። እሺ እስኪባሉ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ።»

ደሜ ፈላ። ሦስት ሽማግሌ የሆነ ጌት ላይ ዊልቸር አጥተው ቆመዋል፣ እሷ እዚህ ቁጭ ብላ እንዳይቀመጡ ታዛለች! ሳልጠይቃት ሁለት ዊልቸር አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ እየገፋሁ ወጣሁ። ከጌት 1 እስከ ጌት 22 ፈለግኋቸው። የቆመ ሽማግሌ የለም። አንድ ሽማግሌ አግኝቼ «ተቀመጡ አባቴ» ብላቸው ፓይለት ሆነው ተገኙ።

ስመለስ ዙለይሃን ወረድኩባት። «ሦስቱ ሽማግሌዎች የት አሉ? የሰው አባት እንዴት ቆሞ ይጠብቃል?» ስላት ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ሳቅ ይዟት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። «ደርሰውላቸዋል፣ አታስቢ» አለችኝ። በሰው ችግር የምትስቅ አይደለችም ነበር። ረመዳኗ ሲፈታ ራሷን አዞራት መሰለኝ።

ሚያዝያ 2

ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ሐኪሙ እረፊ አለኝ። ሃያ አንድ ላይ ደርሼ ነበር።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ማረፍ ይሉት ይሄ ነው? እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ያንን ሊንክ ስከፍት ስዘጋው ዋልኩ። ካፌውም ፎቶ አለው። ኬክ አለው፣ ትራስ ያለው ወንበር አለው፣ መስኮቱ ወደ ኮረብታው ነው። እዚያ ቁጭ ብዬ ቤዛ ከእነሱ እናትና አባት ጋር ስትወጣ በመስኮት ሳያት ይታየኛል። ስድስት ወር ሙሉ ከሩቅ እንዳየኋት።

እኔው ነኝ ያራቅኳት። አቤት ምላስ!

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ዙለይሃ «እንዳትሰግጂ፣ ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ» ብላ ከትናንት ጀምራ ስታስጠነቅቀኝ ነበር። እሺ ብያት ሄድኩ። ከግድግዳው ጥግ ወንበር ያዝኩ። ኪርያላይሶን ሲባል ግን ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ ልስገድ አልኩ። ከዚያ አሥር። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ጎኔ የነበሩት ሴትዮ ቆጥረው ኖሮ ሲያልቅ «ሦስት መቶ አለፍሽ ልጄ» አሉኝ።

ጉልበቴን ነካ ነካ አደረግሁት። አለ። እንዲያውም ተፍታቷል። ካፌ የሚጠብቅ ጉልበት ሦስት መቶ አይሰግድም!

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ቤዛ እንኳን አደረሰሽ ልትል ደወለች። ከዚያ እንግዳ ጥያቄ አመጣች።

«ማሚ፣ የአባቢ አባት ስም ማነው? ከሱ በላይስ? እስከ ስንት ታውቂያለሽ?»

«እስከ ሰባት ነዋ! ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው አለ? ምነው?»

«ለ… ለሰርጉ ፕሮግራም ነው።»

ቆጠርኩላት፣ የበሪሁንንም የኔንም። የኔ አራተኛ አያት ስም ላይ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። «ግን ሰባት ቤት ምን ያደርጋል?» አለች። «ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነዋ። ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው» አልኳት። «ኦኬ፣ ኦኬ» አለች፤ ስትጽፍ ይሰማኛል።

ይቅርታ ልላት ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «ቡት ጫማ ገዛሁ» አልኳት።

«ቡት? ለምን?»

«ለኮረብታው።»

«ማሚ፣ ስምሽን እዚያ ሳየው ካለም ተሳስቶ የጻፈው መስሎኝ ነበር።» ድምፅዋ ቀጠነ። ስልኩ ነው መሰለኝ፣ መስመሩ ደህና አልነበረም።

ሚያዝያ 26

ሠላሳ። አልጽፍም፣ እጄም ደክሞታል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

አርባ!

ልድገመው፦ አርባ። ኦፍ ቀኔ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሬ አምስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ አለቀስኩ፣ ሠላሳ አምስተኛው ላይ የበሪሁንን እናት ረገምኩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ምንም አላጠፉም። አርባኛው ላይ ዙለይሃ ጣሪያው ላይ ቆማ ጠበቀችኝና እልልታውን አቀለጠችው። ሴኩሪቲው ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። «ሂል ነው፣ ሂል ወጣን!» አለችው። ሰውየው ግራ ቀኝ አየ፤ መኪና ብቻ ነው ያለው። ከዚያ አጨበጨበልን፣ ምን ያድርግ።

ከጣሪያው ላይ አውሮፕላኖቹ ይታያሉ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አንዱ ውስጥ ነኝ። ደስ ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ ብሎኛል።

ግንቦት 19

ኤዲንብራ ደረስኩ። ከአውሮፕላኑ በር ላይ አንዲት ሴት ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ ዊልቸር ደግፋ ትጠብቀኛለች! ቤዛ ናት ያዘዘችው፤ የድሮ ጉልበቴን አስባ። መጀመሪያ ልቆጣ ነበር። ከዚያ ዊልቸሩን አየሁት፤ የፊቱ ጎማ ወደ ግራ ይጎትታል። «ሴትዮ፣ ይሄ ጎማ ይታይ» ብዬ ሻንጣዬን አስቀመጥኩበትና ራሴ ገፋሁት። ሴትዮዋ ከኋላዬ እኩል መሄድ አቃታት።

መውጫው ላይ ቤዛ ባዶ ዊልቸር እየገፋሁ ስመጣ አየችኝ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አቀፈችኝ፣ ብዙ ቆየን። ካለም ረጅም ነው፣ ጠጉሩ ቀይ ነው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። ጎንበስ ማለቱን ማን አስተማረው? ደህና ልጅ ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት።

ግንቦት 21

ኪንላሪ። ሌሎቹ ታንኳ ሲቀዝፉ ዋሉ። እኔ ኮረብታውን ሳየው ዋልኩ። እሱም አየኝ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

እዚህ አገር ፀሐይ አትገባም፤ ሦስት ሰዓት ከምሽቱ ሆኖ ያለ መብራት እጽፋለሁ። ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት አሥራ ስምንት ሆነን ተነሳን። ካፌው በር ላይ የአረጋውያኑ መኪና ቆሞ ነበር፤ አጠገቡ ሳልፍ አንገቴን ቀና አድርጌ አለፍኩ። መጀመሪያ ጫካ ነው፣ ከዚያ በግ የሞላበት ሜዳ፣ ከዚያ ድንጋይ። ደረጃ የለውም። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር፤ አርባ ጊዜ ስወጣ አንዱም ደረጃ ከእግሬ ሥር ተንከባሎ አያውቅም። ዝናብ ጣለ፣ አባራ፣ ጣለ። የካለም አያት ሂዩ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ከፊት ከፊቴ እንደ ፍየል ይዘላሉ። ግማሽ ላይ ቤዛ ወደ ኋላ ቀርታ አጠገቤ መጣች።

«ማሚ፣ ከደከመሽ እንመለስ። ኖባዲ ዊል ማይንድ፣ ማንም አይቀየምም።»

«ስንት ፎቅ ቀረን?»

«ምን?»

«ምንም። ሂጂ ከፊቴ።»

ጫፉ ደረሰ ብዬ ደስ ስሰኝ ከኋላው ሌላ ጫፍ ወጣ። እሱንም ስጨርስ ሌላ። ሰው አላየኝም እንጂ ያኔ ልመለስ ነበር። ዙለይሃ ከላይ ቆማ «ኮቱ!» ስትል ተሰማኝ፣ እግሬን አነሳሁ።

ደረስኩ። ጫፉ ላይ ድንጋይ ተከምሯል፤ ከሥሩ ሐይቁ ትንሽ ሆኖ ይታያል፣ ካፌው ደግሞ የክብሪት ቀፎ አክሏል። ሳቄ መጣ። ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩ። ሁሉም ተቀምጦ ዳቦውን ማውጣት ጀመረ። ሦስቱ ብቻ አልተቀመጡም፦ ሂዩ፣ የካለም አባት፣ የአባቱ ወንድም። ፊት ለፊቴ ተሰልፈው ቆሙ። ደክሟቸዋል፣ ይታያል።

«ሲት፣ ሲት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉልበታቸውን ሊያሳዩኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። «ቤዛ፣ በያቸው እንጂ፣ ሽማግሌ እንዲህ ቆሞ…»

ያልኩትን ራሴ ሰማሁት። ሽማግሌ። ሦስት። ቆመው። እሺ እስኪባሉ ድረስ።

ጌት ለጌት ዊልቸር ይዤ የፈለግኋቸው እነዚህ ነበሩ።

ሂዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው፣ በሁለት እጃቸው ከነፋሱ ከልለው፣ በአማርኛ አነበቡ።

«ወይዘሮ ስመኝ። ሊጂዎን ቤዛዊትን ሌሊጃችን ሌካለም… ኢንዲሰጡን… ልንለምን ሜጥተናል።»

እኔን። እኔን ነው የለመኑት። ማንን ይለምናሉ ብዬ ስንት ወር ያነባሁት እኔ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቡት ጫማዬን አድርጌ ተቀምጬ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ባርኔጣ አውልቀው ቆመውልኛል። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም። ከዚያ በሪሁን ትዝ አለኝ። ኮስተር አልኩ። ይሄ ነገር በደንቡ ነው መሄድ ያለበት።

«ሰባት ቤት ይቆጠር» አልኩ።

ቤዛ ተረጎመችላቸው፤ ሂዩ ግን ሳትጨርስ ጀምረዋል። ከካለም ተነሥተው ወደ ላይ፣ አንገስ፣ ዶናልድ፣ ደግሞ አንገስ፣ ደግሞ ዶናልድ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ስም ብቻ ነው ያላቸው። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ በቃ አልኩ፤ የኛ ቤት አንድም አንገስ የለበትም፣ ዘመድ አይደለንም።

«በኛ ደንብ» አልኩ ድምፄን አጥብቄ፣ «መልስ በአንድ ቀን አይሰጥም። ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። ሦስቴ ነው።»

ቤዛ ስትተረጉም የካለም አባት የመጣንበትን ገደል ቁልቁል አየው። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ማሚ!» አለች ቤዛ። «ሦስቴ ሊወጡት?»

«አባትሽ ነው ሦስቴ ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

ያኔ ገባት። እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች፤ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች፣ ጭቃው ላይ። «የጥቅምቱን ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ማንም ሳይሰማ። አርባውንም ጊዜ ተሸክሜው ነበር የወጣሁት። «አንቺም በይኝ ማሚ» አለች። «ለካፌው።»

ቀና ስል ሦስቱ አሁንም ቆመዋል፤ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፣ ኮፍያቸው በእጃቸው ነው። ትንሽ አቆየኋቸው። ለበሪሁን ስል ነው፤ ሦስቴ ባላመላልስ እንኳ ትንሽ ማቆም አለብኝ። ከዚያ የሚባለውን አልኳቸው።

ስንወርድ ካፌው በር ላይ ለዙለይሃ ደወልኩላት። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ ሽፍት ላይ ናት፣ የሰው ዊልቸር ሲንኳኳ ይሰማል። ወጣሽ ወይ አላለችኝም፣ ጉልበትሽስ አላለችኝም።

«ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ?» አለችኝ።

«ተቀመጡ» አልኳት።